ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚቀርብ አምልኮ

በናይሮቢ መሃል ከተማ ለተሰበሰቡ ስደተኛ ወገኖች የቀረበ ንግግር



 

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ አምልኮ ነው። ስለ አምልኮ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው እሑድን ነው። ከመካከላችን ሌሊት ተነሥቶ ቅዳሴ የሚያስቀድስ አለ፤ በኪራይ አዳራሽ ተሰብስቦ የሚዘምር አለ፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከጎረቤቶቹ ጋር የሚጸልይም አለ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሳምንቱ ሰባት ቀን ነው። እሑድ ወደ እግዚአብሔር የዘረጋነው እጅ ሰኞ ጠዋት ምን ይይዛል? እሑድ ያመሰገነው አፍ ማክሰኞ በኢንተርቪው ክፍል ውስጥ ምን ይናገራል? ለመነጋገር የመረጥነው ይህን ጥያቄ ነው።

ናይሮቢ የጸሎት ቤት የጎደላት ከተማ አይደለችም። በመሃል ከተማዋ የቅዱስ ቤተሰብ ባዚሊካ አለ፤ በኬንያታ ጎዳና የኦል ሴይንትስ ካቴድራል አለ፤ የእስልምና ተከታዮች የሚሰግዱበት ጃሚያ መስጊድም ከገበያው አጠገብ ነው። በጂቫንጂ የአትክልት ስፍራ በምሳ ሰዓት ሰባኪዎች ቆመው ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይሰብካሉ። ስለዚህ በዚህች ከተማ የእግዚአብሔር ስም አልተሰማም ማለት አይቻልም። የሚያጠያይቀው ስሙን የምንጠራ ሰዎች ከጸሎት ቤት ወጥተን ወደ ቶም ምቦያ መንገድና ወደ ሪቨር ሮድ ስንወርድ፣ በማታቱ ተሳፍረን ኢስሊ ስንገባ፣ ያው የምናመልከው አምላክ አብሮን መኖሩን የሚያሳይ ነገር በእጃችን ይገኝ እንደሆነ ነው።

መሥዋዕቱ ምንድን ነው?

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ12ኛው ምዕራፍ ስለ መሥዋዕት ያስተምራል። በዚያ ዘመን መሥዋዕት ሲባል ሁሉም የሚያውቀው እንስሳ ታርዶ በመሠዊያ ላይ ሲቀርብ ነው። ሐዋርያው ግን ምእመናኑ እንዲያቀርቡ የሚለምናቸው የራሳቸውን አካል ነው፤ ያውም ሞቶ ሳይሆን በሕይወት እንዳለ። አካል ደግሞ እሑድ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። በሆቴል ቤት ሳህን የሚያጥበው፣ በወረፋ ቆሞ የሚደክመው፣ ፋይሉን በፌስታል ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚመላለሰው ይኸው አካል ነው። ጳውሎስም በዚያው ምዕራፍ ሳይርቅ ወደ ዕለት ኑሮ ይገባል፤ እንግዳን ስለ መቀበል፣ ከሚያለቅሱ ጋር ስለ ማልቀስ፣ ክፉን በክፉ ስላለመመለስ ይመክራል። ለእርሱ አምልኮና ኑሮ ሁለት ነገር አልነበሩም።

ይህ ትምህርት ለእኛ ባዕድ አይደለም። እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ፣ ምጣድ ሲጥዱ በስመ አብ ይላሉ። ገበሬው ዕርፍ ከመጨበጡ በፊት ያማትባል። ማዕድ ሳይባረክ እንጀራ አይቆረስም። እንዴት አደራችሁ ስንባል የምንመልሰው እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ነው። ሐዘንተኛን እግዜር ያጽናችሁ፣ ሕመምተኛን እግዜር ይማርህ እንላለን። ውለታ ለዋለልን ሰው ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ እንላለን፤ እኔ ልከፍልህ የማልችለውን እርሱ ይክፈልልኝ ማለታችን ነው። ቋንቋችን ራሱ ከማለዳ እስከ ማታ ጸሎት ነው።

ይሁን እንጂ ቃሉ በአፍ ብቻ ሲቀር አደጋ ይሆናል። ሠራተኛውን ወር ሙሉ አሠርቶ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ብቻ የሚያሰናብት ሰው ዕዳውን በእግዚአብሔር ስም ይክዳል።

በአገራችን ይህንን ነገር አጥብቀው ካስተማሩት አንዱ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የወንጌል ስብከትንና የልማት ሥራን ነጣጥሎ ማየትን ተቃውማለች። ሰው ነፍሱ ለአንዱ ክፍል፣ ሆዱ ለሌላው ክፍል ተከፋፍሎ የሚሰጥ ሳይሆን አንድ ሙሉ ፍጡር ነው የሚል ነበር አሳቡ። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የደርግ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ነው አፅማቸው ተገኝቶ በክብር ለመቀበር የበቃው። ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቀርቦላቸው ከሕዝባቸው አልለይም ማለታቸው ይነገራል።

ይህን ስንል መሰደድ ከእምነት ማነስ ነው ማለታችን አይደለም። ጌታችን ራሱ በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽቶ በእናቱ እቅፍ ወደ ግብፅ ተሰዷል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወርኃ ጽጌ ይህ ስደት የሚታሰብበት ነው። በዚህች ከተማ መሃል የቆመው ባዚሊካ የሚጠራበት ቅዱስ ቤተሰብም እንደ እኛ ድንበር የተሻገረ ቤተሰብ ነው።

ድንኳን ሰፊዎቹ ስደተኞች

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የእኛን ኑሮ በቅርብ የሚመስል የአንድ ባልና ሚስት ታሪክ አለ። አቂላና ጵርስቅላ ይባላሉ። በሐዋርያት ሥራ 18ኛ ምዕራፍ እንደተጻፈው ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድ ሁሉ ከሮሜ እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ ከተባረሩት መካከል ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ይህንን እ.ኤ.አ. በ49 አካባቢ ያደርጉታል። እነርሱም ወደ ቆሮንቶስ ሄዱ፤ ቆሮንቶስ እንደ ናይሮቢ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚተላለፍባት የንግድ ከተማ ነበረች። ሙያቸው ድንኳን መስፋት ስለነበር በዚያው ሙያ እንጀራቸውን ያገኙ ነበር።

ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሲመጣ ያረፈው በእነርሱ ቤት ነው። እርሱም ድንኳን ሰፊ ስለነበረ አብሯቸው ይሠራ ነበር። በሰንበት በምኩራብ ያስተምራል፤ በሌላው ቀን መርፌውን ይዞ ከስደተኞቹ ጋር ይቀመጣል። ያ ሥራ ለወንጌል አገልግሎት እንቅፋት አልነበረም፤ ለማንም ሸክም ሳይሆን እንዲያስተምር አስቻለው እንጂ። ባልና ሚስቱ ኋላ ወደ ኤፌሶን ሄዱ፤ በዚያም በቤታቸው ቤተ ክርስቲያን ትሰበሰብ ነበር። አጵሎስ የተባለውን የተማረ ሰባኪ ወደ ራሳቸው ወስደው ያልደረሰበትን ትምህርት በትሕትና ያስረዱትም እነዚሁ እጃቸው በድንኳን ጨርቅ የሻከረ ሰዎች ናቸው።

ጳውሎስ ቀድሞ የጠቀስነውን የሮሜ መልእክት ሲጽፍ በ16ኛው ምዕራፍ ሰላምታ ካቀረበላቸው ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ጵርስቅላና አቂላ ናቸው። ስደታቸው አብቅቶ ወደ ሮሜ ተመልሰው ነበር፤ በዚያም ቤታቸውን ለምእመናን ከፍተዋል። አካላችሁን መሥዋዕት አድርጉ የሚለው ምክር የተላከው እንግዲህ ስደትን ለሚያውቁ ሰዎችም ነው። ስንመለስ እናመልካለን፣ ሦስተኛ አገር ስንገባ እንደ ክርስቲያን እንኖራለን ብለው ጊዜ የቀጠሩ አይመስልም። ቆሮንቶስ በጉዞ መካከል የቆዩባት ከተማ ብትሆንም በዚያው ኖሩባት፤ በዚያው አመለኩባት።

ይህንን ወደ ራሳችን ኑሮ ለማምጣት አራት ነገሮችን እናንሣ።

አንደኛ፤ ሚዛንና ደመወዝ

ነቢዩ አሞጽ በ8ኛው ምዕራፍ የሚወቅሳቸው ነጋዴዎች ሰንበትን የሚያከብሩ ነበሩ። በሰንበት ሱቃቸውን ይዘጋሉ፤ ልባቸው ግን ሰንበቱ መቼ አልፎ መስፈሪያውን አሳንሰን፣ ሚዛኑን አዛብተን እንሸጣለን እያለ ይቸኩላል። እግዚአብሔር የተቆጣው ሰንበትን በማክበራቸው ሳይሆን ከሰንበት ማግስት በሚሠሩት ነው። በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ ወንድም፣ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክብ እኅት፣ በሚዛኑ ልክ ሲሰጡ ያ ሚዛን መሠዊያቸው ነው።

ደመወዝም እንዲሁ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 19ኛ ምዕራፍ የቅጥረኛ ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ተከልክሏል። የሥራ ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ደመወዙ ቢቀርበት የሚከስበት ቦታ እንደሌለው አሠሪው ያውቃል። ያንን እያወቀ ወገኑን በምግብና በመኝታ ብቻ የሚያሠራ ሰው እሑድ የሚሰጠው አሥራት ከዚያች ልጅ ደመወዝ ላይ የተቆረጠ ነው። ተቀጣሪውም በበኩሉ ጌታው በሌለበት ሰዓት ሲሠራ የሚያየው እግዚአብሔር መሆኑን አይርሳ።

ሁለተኛ፤ ቃላችን

በስደት ኑሮ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሐሰት ያልጨመረ ጉዳዩ አይሳካም ይባላል። ኬዝ የሚሸጥና የሚገዛ አለ ይባላል። የሌላውን ልጅ የራሱ አድርጎ የሚያስመዘግብ፣ ያገባውን አላገባሁም የሚል እንዳለም ይሰማል። ረሃብና ፍርሃት ሰውን ምን ያህል እንደሚያስጨንቁ ስለምናውቅ በማንም ላይ ድንጋይ ለማንሣት አልቆምንም። ነገር ግን መዘዙን ማስተዋል ይገባል።

አንድ የመከራ ታሪክ ለአሥር ሰው ከተሸጠ፣ ያ መከራ በእውነት የደረሰበት አሥራ አንደኛው ሰው በሩ ሲደርስ የሚያምነው አይኖርም። ሐሰቱ የሚጎዳው ቢሮውን ብቻ አይደለም፤ ከእኛው መካከል የበለጠ የቆሰለውን ሰው ነው። ደግሞም ያገባውን አላገባሁም ያለ ሰው ሦስተኛ አገር ገብቶ ሚስቱን ልውሰድ ሲል የራሱ ፊርማ ይመሰክርበታል። በሌላ ሰው ስም የሚኖር ሰው ሲሞት እንኳ በሌላ ሰው ስም ይቀበራል። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

ታሪክን ለማያገባው ሰው አለመናገር ግን ሐሰት አይደለም። ለደኅንነቱ የሚሰጋ ሰው ዝም የማለት መብት አለው። የተሳሳተ ቃል ፋይሉ ላይ የሰፈረበት ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ በናይሮቢ ለስደተኛ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ድርጅቶች ስላሉ ከኢንተርቪው በፊት ሄዶ ቢማከር ይሻላል።

በዚሁ አንጻር አስተርጓሚ ሆነው የሚያገለግሉ ወገኖቻችንን እናስባለን። የአንድ ሰው ዕድሜ በእነርሱ ምላስ ላይ ይመዘናል። ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ፣ የማይወዱት ብሔር ሰው ቢሆንም እንኳ ቃሉን አስተካክለው ሲያደርሱ ከመቅደስ አገልግሎት የማያንስ አገልግሎት ይፈጽማሉ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽን ለስደተኞች የሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ በነፃ መሆኑን ሁላችንም እንወቅ፤ ለማያውቀውም እንንገር። ይህን ለአዲስ መጪ መንገር ብቻውን ብዙ ደላላ ከሥራ ያስወጣል።

ሦስተኛ፤ አደራ

አደራ በአገራችን ትልቅ ቃል ነው። የሰማይ የምድር አደራ ተብሎ የተሰጠ ነገር ሰው ቢራብም አይነካም ነበር። በዚህ ከተማ ብዙዎቻችን የባንክ ሂሳብ ስለሌለን እርስ በርስ እንተማመናለን። እቁብ እንጥላለን፤ ከውጭ ዘመድ የላከውን ገንዘብ መታወቂያ ባለው ሰው ስም እንቀበላለን። ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ አንድ ቁጥር ሲሳሳት ገንዘብ ወደማይታወቅ ሰው ስልክ ይገባል። ስልኩ ጮኾ ያልጠበቀው ሁለት ሺህ ሽልንግ የገባለት፣ ኪራይም የደረሰበት ሰው፣ በዚያች ደቂቃ ማን እንደሚያመልክ ይታወቃል። ማንም አያየውም። ላኪው ምናልባት ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ የምትልክ ኬንያዊት እናት ትሆናለች። ያንን ገንዘብ የመለሰ ስደተኛ ለእግዚአብሔር መሥዋዕት አቅርቧል፤ የኢትዮጵያውያንንም ስም በአንዲት ሴት ቤት አስከብሯል።

እቁብ ደርሶት ከከተማ የሚጠፋ ሰው ግን የሚወስደው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከእርሱ በኋላ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች መተማመን ጭምር ይዞ ይሄዳል።

አራተኛ፤ በራችን

እ.ኤ.አ. በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ወደ ኬንያ ገቡ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1992 የካኩማ ካምፕ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ መምጣቱ አልቆመም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በአገራችን በደረሰው ጦርነት ምክንያት ከየአቅጣጫው የተሰደደ አለ። በአገር ቤት ሲዋጉ በነበሩ ወገኖች ስም የሚጠሩ ሰዎች እዚህ በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ሰላምታ መነፋፈግ ቢኖር አይገርምም፤ የሞተበት ሰው ልቡ ይቆስላልና። ቢሆንም ጳውሎስ አብረን እናልቅስ ያለው ከምን ብሔር ሰው ጋር እንደሆነ ለይቶ አልጻፈም።

በሞያሌ በኩል ሌሊቱን ተጉዞ ንጋት ላይ ኢስሊ የሚወርድ ልጅ ስዋሂሊ አይችልም፤ ሰው አያውቅም፤ በኪሱ ያለውንም ሽልንግ ዋጋ አያውቀውም። መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው ወይ ይበላዋል ወይ ያተርፈዋል። አቂላና ጵርስቅላ ሰፊ ቤት ስለነበራቸው አይደለም ጳውሎስን የተቀበሉት፤ የሥራ ቦታቸውን አካፈሉት። እኛም አልጋ ባይኖረን ሻይ አጠጥቶ መንገድ ማሳየት፣ መመዝገቢያው ድረስ መሸኘት፣ ገንዘብህን ለማንም አትስጥ ብሎ መምከር እንችላለን።

በሩ ለኬንያውያን ጎረቤቶቻችንም ይከፈት። ነቢዩ ኤርምያስ በ29ኛው ምዕራፍ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለዚያች ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አሳስቧቸዋል። ያቺ ከተማ የማረከቻቸው ናት። ይህቺ ግን ያስጠጋችን ናት። ፖሊስ አስቸግሮን ይሆናል፤ ኪራይ ተወድዶብን ይሆናል። ግን ውኃ ሲጠፋ ባልዲ የሚያውሱን፣ ልጆቻችን ከልጆቻቸው ጋር አንድ ክፍል የሚማሩ ሰዎች ናቸው። በጸሎታችን የናይሮቢን ሰላም እንጥራ፤ ስዋሂሊያቸውንም ለንግድ ብቻ ሳይሆን ሐዘናቸውን ለመጠየቅም እንማር።

መጠበቅም አምልኮ ነው

አንዳንድ ወገን ይህ ሁሉ ሥራ ላለው ሰው ነው፤ እኔ ዓመታት ሙሉ መልስ ስጠብቅ የምኖር ነኝ፤ ምን አቀርባለሁ? ይል ይሆናል። ይህ ጥያቄ እንባ ያለበት ጥያቄ ስለሆነ በቀላል ቃል አይመለስም። እውነተኛ የሆነ ሰው ሁልጊዜ ይሳካለታል ብለን አንሰብክም፤ እውነት ተናግሮ መልስ ያልመጣለት፣ አደራ መልሶ በረሃብ ያደረ አለ። አቂላና ጵርስቅላም ስለ ሌላው ሰው ሲሉ አንገታቸውን ለአደጋ እንደሰጡ ጳውሎስ ይመሰክራል፤ መልካም ሥራ ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም።

የምንለው ይህንን ነው። ስደት ብዙ ነገር ወስዶብናል። ቤታችንን፣ ዲፕሎማችንን፣ በአገር የነበረንን ስም ወስዷል። የምናቀርበውን መሥዋዕት ግን ሊወስድብን አልቻለም፤ ምክንያቱም መሥዋዕቱ እኛው ነን። ሥራ የሌለው ሰው የታመመ ጎረቤት መጠየቅ ይችላል። የእንግሊዝኛ ፊደል የሚያውቅ ለማያውቅ ደብዳቤ ማንበብ ይችላል። በካምፕ ያለ ወገን በቧንቧ ወረፋ ላይ ለአሮጊት ቦታ መልቀቅ ይችላል። ይህ ትንሽ ነው የሚባል አይደለም፤ ሰውን ሰው አድርጎ የሚያቆየው ይህ ነውና።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ነገር እናድርግ። የምንከፍለው ደመወዝ ካለ ሳያድር እንክፈል። በእጃችን ያለ አደራ ካለ እናስረክብ። ሰላምታ የነፈግነው ጎረቤት ካለ በሩን እናንኳኳ። ጠዋት ከቤት ስንወጣም፣ ጌታ ሆይ፣ ዛሬ እጄና አፌ ያንተ ይሁኑ ብለን እንውጣ፤ ጸሎቱ አጭር ነው፣ በማታቱ ግፊያ መካከልም ይጸለያል።

በስደት የጠበቀን አምላክ የቀረውን ዘመናችንን ይባርክልን። ለዚህች አገርና ለአገራችን ለኢትዮጵያ ሰላሙን ይስጥልን። አሜን።